እንሶስላን በግቢ ማልማት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከልኩት እንሶስላ ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ያነሰው ውኃ ነው ወይስ ጥላ?

መልስ፦ ምልክቱን ማታ ይመልከቱ። ውኃ ሳያጠጡት ሲመሽ ራሱ ቀና ካለ አፈሩ በቂ እርጥበት አለው፤ የጎዳው የቀትር ፀሐይ ስለሆነ ጥላ ያብጁለት። እስከ ማግስቱ ጠዋት እንደጠወለገ ከቆየ ግን ጣትዎን አፈሩ ውስጥ አስገብተው ይፈትሹ፤ ደረቅ ከሆነ ውኃ ጠምቶታል፣ ውኃ ያቆረ ከሆነ ደግሞ ሥሩ መበስበስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እንሶስላ በደጋ ደኖች ውስጥ፣ በወንዝና በምንጭ ዳር የሚበቅል፣ ግንዱ ለስላሳና ውኃ የተሞላ ተክል በመሆኑ ጥላንና እርጥበትን አንድ ላይ ይሻል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዛፍ ሥር ይሆናል?

መልስ፦ አልመክርም፤ ባሕር ዛፍ እርጥበቱን ይሻማዋል።

ጥያቄ፦ ሥሩን ከጫካ ቆፍሬ ላምጣ?

መልስ፦ እባክዎ ይህን አያድርጉ። ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉት በዚሁ ወፍራም ሥር ስለሆነ በዱር ያለው ብዙ ይቆፈራል፤ ሥሩ ሲወጣ ደግሞ ተክሉ ከቦታው ይጠፋል። ካለው ሰው ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው ጤናማ ቀንበጥ ለምነው፣ የታች ቅጠሎቹን አንሥተው፣ በጥላ ሥር በረጠበ አፈር ወይም በውኃ ውስጥ ቢያቆዩት በቀላሉ ሥር ያወጣል። ከዚያም የበሰበሰ ቅጠልና ብስባሽ በተቀላቀለበት፣ ውኃ በማያቁር አፈር ይትከሉት። ዘር የሚፈልጉ ከሆነ ፍሬው ሲበስል በድንገት ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን፣ አስቀድመው በስስ ጨርቅ ከረጢት ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ አበባው ማታ ማታ ይበልጥ የሚሸተው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የአበባው ማር ረጅም በሆነው የኋላ ቀንዱ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ወደዚያ የሚደርሱት ረጅም ምላስ ያላቸው የሌሊት የእሳት እራቶች ናቸው። ነጭ መልኩና መዓዛው እነርሱን በጨለማ ይጠራሉ። መሐሉ ላይ ያለው ሐምራዊ ቀለም እጅግ ያማረ ነውና፣ ምሽት ላይ ከሚቀመጡበት መስኮት አጠገብ ቢተክሉት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ውርጭ ቢመታውስ?

መልስ፦ ግንዱ ይሞታል፤ ሥሩ ግን በወፍራም የቅጠል ጉዝጓዝ ከተሸፈነ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ጥያቄ፦ ከራሴ ግቢ ለማቅለሚያ መቼ ላውጣ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ዓመት ባይነኩት ይሻላል። ከዚያ በኋላ ግንዱ ሲደርቅ በጎን በኩል ቆፍረው ጥቂት ሥር ይውሰዱ፤ ቡቃያ የሚወጣበትን አናት ከቀሪው ሥር ጋር በቦታው ይተዉት።