«ስፖርትም ይሥሩ» ብሎ መሸኘት አይበቃም

ውድ ወጣት ሐኪሞች፣

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትን ሰው መርምራችሁ፣ መድኃኒቱን ጽፋችሁ፣ ልክ ሊወጣ ሲል «ስፖርትም ይሥሩ» ትሉታላችሁ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ ይገባኛል። ግን የት ይሥራ? መቼ? ከማን ጋር? ይህ ካልተነገረው ምክሩ በር ላይ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለታካሚ ቁጥሩን ቆራርሳችሁ ስጡት፦ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ እያወራ መራመድ የሚችልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ፍጥነት። የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም እንደሚስብም ንገሩት። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ይበረታል።

ቦታ አለን። መስቀል አደባባይ በማለዳ ወጣቱ በረጃጅሞቹ ደረጃዎች ላይ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል፤ ታች ሜዳው ላይ በቡድን የሚሠራ አለ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናውን ለመኪና ዘግቶ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አስፋልት ላይ አውጥቷል። በየሰፈሩም የጤና ቡድን አይጠፋም።

አንዲት የአራት ኪሎ እናት ስኳራቸው አልወርድ ቢል «በዚህ ዕድሜዬ አደባባይ ወጥቼ ስዘል ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። መዝለሉ ይቅርብዎ አልኳቸው። ማዘዣው ላይ «ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ፣ ሜዳው ላይ እርምጃ፣ ከጎረቤትዎ ጋር» ብዬ ጻፍኩላቸው። በቀጣዩ ቀጠሮ ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ጎረቤትየዋ ለራሳቸውም እንዲጻፍላቸው ፈልገው ነበር!

ከመላካችሁ በፊት ግን ጫማና ካልሲ አስወልቃችሁ እግራቸውን እዩ። ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ጠባብ ጫማ ቢያቆስላቸው ላይሰማቸው ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች እንዳይወርድበት ቁርስ ሳይበላ አይውጣ፣ ከረሜላም ኪሱ ይያዝ። ሲራመድ ደረቱን የሚያፍነው ካለ መጀመሪያ ልቡ ይታይ።

እናንተም አንድ እሑድ መስቀል አደባባይ ሄዳችሁ እዩት። ቡድን የሚያሠራውን አሠልጣኝ ተዋወቁት፤ ጉልበት የሚያመው ሰው እንደምትልኩ ንገሩት። ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ የላቦራቶሪ ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት «እርምጃው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አቋርጦ ከሆነ አትቆጡት። ዝናቡ ነው? ታክሲው? አብሮት የሚሄድ ሰው አጥቶ ነው? ስሙትና ከሰፈሩ ሳይርቅ የሚሠራበትን ቦታ አብራችሁት ፈልጉ።