የግእዝ ፊደልና ግራፊክ ዲዛይን፦ መነሻ ሐሳብ ከየት ይገኛል? (ጥያቄና መልስ)

መልስ የሚሰጡት አባል በፊደል ቅርጽ ነደፋና በመጽሐፍ ገጽ ቅንብር ሃያ ዓመት ያህል የሠሩ ናቸው። ጥያቄዎቹ በቀረቡበት ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል።

ጥያቄ (የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ፣ ሐዋሳ)፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአማርኛ ፖስተር ለመሥራት በተቀመጥሁ ቁጥር ሐሳብ ይጠፋብኛል። ስልኬ ላይ የማያቸው ጥሩ ሥራዎች በሙሉ በላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው። መነሻ ሐሳብ ከየት ልፈልግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። በመጀመሪያ ስልኩን አስቀምጪና አንድ የብራና መጽሐፍ በቅርብ እዪ። አዲስ አበባ ስትመጪ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ጎብኚ፤ እዚያው ሐዋሳ ደግሞ አጥቢያሽ ያሉትን መሪጌታ በአክብሮት ብትጠይቂ አንድ ዳዊት አይከለክሉሽም። መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉልሽ ከቀለሙ ሥር ቀለም የሌላቸው ጭረቶች ይታዩሻል። እነዚህ ጸሐፊው መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በወስፌ ጫፍ ያሰመራቸው መስመሮች ናቸው። የገጹ ስፋት፣ የዓምዶቹ ብዛትና የኅዳጉ መጠን በሙሉ አንድ ፊደል ሳይጻፍ በፊት ተወስነዋል ማለት ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ላይ የምንዘረጋው የገጽ መስመር ይኸው ነው።

ቀጥለሽ ፊደሉን ተመልከቺ። መቃ ብዕር ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቀረጽ ወደ ታች የሚወርደው ቋሚ መስመር ይወፍራል፣ አግድሙ ግን ይቀጥናል። የቁም ጽሕፈት ግርማ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የ«በ»ን ቤት ይዘሽ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሂጂ። «ባ» ቀኝ እግሩን ያስረዝማል፣ «ቦ» ደግሞ ግራውን፤ «ቢ» ከቀኝ እግሩ ግርጌ ቅጥያ ያወጣል፣ «ቤ» እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት ያስራል። በአንድ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ጨዋታ እያለ መነሻ ሐሳብ አጣሁ ማለት አይቻልም። ቀይ ቀለም የት የት እንደገባም አስተውዪ፤ ቅዱሳን ስሞችና የምዕራፍ መግቢያዎች ቀልተው ሲታዩ ዓይን የሚያርፍበትን ያገኛል። በሁለት ቀለም ብቻ የተሠራ ሥርዓት ነው፣ ለፖስተርሽም ይበቃል።

ጥያቄ (ስሙ ያልተጠቀሰ አባል)፦ ምርጡ የአማርኛ ፎንት የትኛው ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ለወረቀት ነው ለስክሪን? በምን መጠን? እነዚህን ሳይነግሩኝ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ (የሎጎ ዲዛይነር፣ ዋሽንግተን)፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እዚህ ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሎጎ ስሠራ ከላቲኑ «ዩ» «ሀ»ን፣ ከ«ኦ» «ዐ»ን፣ ከ«ደብልዩ» «ሠ»ን እየቆረጥሁ አወጣለሁ። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይስማማሉ። ስሕተቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ስሕተቱ ፊደሉ አጥንቱን ማጣቱ ነው። በላቲን ፊደል ውፍረቱና ቅጥነቱ የሚከፋፈለው በሌላ ብዕር አያያዝ ነው፤ ያንን ቆርጠው ሲያመጡት «ሀ» የሚመስል እንጂ «ሀ» የሆነ ነገር አያገኙም። ሦስቱ ፊደላት ቢሳኩልዎት እንኳ «ኘ»፣ «ጰ» እና «ፏ» ላይ ሲደርሱ የሚቆርጡት ያጣሉ፣ ስለዚህ ቃሉ ከሁለት አገር የመጣ ይመስላል። አደራ የምለውም ይኸንኑ ነው፦ የግእዝን ፊደል ከላቲን አይቁረጡ።

በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ነበር፤ ቋንቋውን የተማረው ግን እዚያው ሮም ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በባዕድ አገር፣ በባዕድ ማተሚያ ቤት ሆነው እንኳ መነሻ ያደረጉት የብራናውን ጽሕፈት እንጂ በዙሪያቸው ሞልቶ የነበረውን የላቲን ፊደል አልነበረም። ሁለቱን ቋንቋዎች ማስማማት ከፈለጉ የመስመሩን ውፍረትና የፊደሉን ቁመት በዓይንዎ ያመዛዝኑ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የመጠን ቁጥር መስጠት ብቻውን አያስማማቸውም።

አስተያየት (የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)፦ መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ሁሉን ነገር ወደ ብራና መመለስ ወጣቱን ያስራል። ከእርሳስ ብረት በተቀረጸ ፊደል የተለቀሙት የብርሃንና ሰላም ጋዜጦች፣ የመርካቶ የእጅ ጽሑፍ ታፔላዎች፣ የሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የ«13 ወር ጸጋ» የቱሪዝም ፖስተሮች ለዛሬው ሥራ የበለጠ ቅርብ ናቸው።

አስተያየት (የሶፍትዌር ባለሙያ)፦ ዋናው ችግር የፊደሉ መብዛት ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአንድ ቢጠቃለሉ፣ ሰ እና ሠም እንዲሁ፣ የፎንት ሥራ በጣም በቀለለ ነበር።

አስተያየት (የማተሚያ ቤት ሠራተኛ)፦ ወንድሜ፣ ለሥራ ቅለት ተብሎ «ሠዓሊ» እና «ሰአሊ» አንድ ይሁኑ? አንዱ ሥዕል የሚሥል ነው፣ ሌላው የሚለምን ነው።

አስተያየት (የሶፍትዌር ባለሙያ)፦ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። በታይፕራይተር ዘመንም ፊደሉ ተጨምቆ ተጽፎበታል።

መልስ፦ ክርክሩ ከጉዳያችን ወጥቷል። ፊደል መቀነስ የሰዋስው ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ዲዛይነር የተሰጠውን ፊደል ያስውባል። ታይፕራይተሩ ከተነሣ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የአማርኛን ታይፕራይተር የሠሩት የኢንጂነር አያና ብሩ ሥራ የሚከበር ነው። ይሁንና በዚያ መሣሪያ ጠባይ ምክንያት ቅጥያዎቹ ለየብቻ እየተመቱ ከፊደሉ ጋር ስለሚገጠሙ፣ ቅጥያው ከእግሩ ተላቅቆ የቆመበት ገጽ አይቶ ያደገ ትውልድ አለን። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ካካተተ በኋላ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቦታ ስላለው ለዚያ ዓይነት መገጣጠም ምክንያት የለም። ስለ መርካቶ ታፔላ የተባለውን ግን እቀበላለሁ። ታፔላ ጸሐፊውም በብሩሽ ይሠራልና እጁ ይታያል። ተቃውሞዬ እጅ በሌለበት ሥራ ላይ ነው።

ጥያቄ (ሌላ አባል)፦ ለመጽሐፍ ርእስ የሚሆን ቆንጆ ፎንት ቢጠቁሙን?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተጠይቋል። ስለ መጽሐፉ ምንም ሳይነገረኝ «ቆንጆ» የሚለው ቃል ምንም አይነግረኝም። የእጅ ጽሕፈቱን መንፈስ የያዘ ማየት ከፈለጉ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት በትልቅ መጠን ከፍተው ያጥኑት፤ ከዚያ ወደ ብራናው ይመለሱ።

ጥያቄ (ሠዓሊ፣ አዲስ አበባ)፦ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደሉን እየሰበረና እየዘረጋ በሥዕሎቹ ውስጥ አስገብቶታል። እኛስ በፖስተር ላይ ለምን አናደርገውም?

መልስ፦ የወሰኔን ሥራዎች እወዳቸዋለሁ፤ ፊደሉ ሳይነበብ እንኳ ሊናገር እንደሚችል አሳይተውናል። ነገር ግን በሥዕል ፊት የቆመ ሰው ጊዜ አለው፣ ፖስተር የሚያይ ሰው ታክሲ እየጠበቀ ነው። የቦታና የሰዓት መግለጫ ያለበትን ጽሑፍ አትስበሪ። አንድ ሆሄ መርጠሽ ግድግዳ የሚያህል ብታደርጊው ግን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ጀማሪ ዲዛይነር፣ ባሕር ዳር)፦ ለሎጎ ስንት ብር ልጠይቅ?

መልስ፦ ይህን ከተማህ ውስጥ የሚሠሩትን ጠይቅ።

ጥያቄ (የልጆች መጻሕፍት አዘጋጅ)፦ ጽሑፉ ጎልቶ እንዲታይ ፎንቱን በኮምፒውተር አወፍረዋለሁ። ልጆቹ ግን ለማንበብ ይቸገራሉ።

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ሲያወፍረው አግድሙንም ቋሚውንም እኩል ያደልባል፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይዘጋል። «ሐ»፣ «ጠ» እና «ጨ» ባለ ሦስት እግር ስለሆኑ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። ከዓመታት በፊት በአንድ የተረት መጽሐፍ ላይ ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። ቀለም በሚመጥጥ ወረቀት ላይ ታትሞ ሲመጣ የ«ቤ» ቀለበት በሙሉ ደፍኖ «ቢ» ሆኖ ነበር፤ «ቤት» የሚለውን ልጆች «ቢት» ብለው ሲያነቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ገጽ በሚታተምበት ወረቀትና መጠን አሳትሜ ሳላይ አላስረክብም። እርስዎም ያለ ሙከራ ኅትመት አያስረክቡ። ጉልህ ጽሑፍ ከፈለጉ ወፍሮ የተነደፈ ፎንት ይጠቀሙ ወይም መጠኑን ይጨምሩ፤ ለልጆች ደግሞ የመስመሮቹን ርቀት ያስፉ።

ጥያቄ (ስሙ ያልተጠቀሰ አባል)፦ እና በመጨረሻ ምርጡ ፎንት የትኛው ሆነ?

መልስ፦ ለሦስተኛ ጊዜ አልመልስም። ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ጥያቄ (የሐዋሳዋ ተማሪ)፦ መምህር፣ መሪጌታን ጠይቄ ዳዊቱን ነገ ሊያሳዩኝ ፈቅደዋል። ካየሁ በኋላ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ እሰየው! መቃ ካላገኘሽ ሸምበቆ ቁረጪና ጫፉን ጠፍጣፋ አድርገሽ ቅረጪው። ከዚያ የ«በ»ን ቤት በአንድ ወረቀት ላይ ሰባት ጊዜ ጻፊ፤ አትቸኩዪ፣ አታስጊጪው፣ ብዕሩንም እያሽከረከርሽ አትያዢ። ሲደርቅ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ መጀመሪያ የማየው የ«ቤ»ን ቀለበት ነው።