ከሞተሩ በፊት መንሸራተቱ፦ ስለ ኤሌክትሪክ ሮኬት ግላይደር ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ዓይነት ሞዴል ናቸው፦ በኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ሮኬት ሽቅብ ወጥቶ፣ ሞተሩ ሲጠፋ በሪሞት እየተመራ ተንሸራቶ ስለሚወርደው። ስሌቱ እንዲገባ አንድ መነሻ ልክ እንያዝ። የክንፍ ዝርጋታ 70 ሴንቲሜትር፣ ዴልታ (ሦስት ማዕዘን መሰል) ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ሥሩ 40፣ በጫፉ 12 ሴንቲሜትር፣ የኋላ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከነባትሪው 450 ግራም። ከኋላ የሚገፋ 2212 (የመጠን መለያው ነው) ሞተር ባለ 2200 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር)፣ 6 በ4 ፕሮፔለር (ዲያሜትሩ 6 ኢንች፣ ፒቹ ማለትም በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት 4 ኢንች)፣ ባለ 30 አምፒር ኢኤስሲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ)፣ ባለ 3 ሴል 1300 ሚሊአምፒር ሰዓት ሊፖ ባትሪ። ይህ ጥምረት ወደ 700 ግራም የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ያለ ፕላን፣ ፎቶ እያየሁ ዴልታ ክንፍ ያለው ሞዴል ሠራሁ። የክብደት ማዕከሉ የት መሆን አለበት? ባትሪውንስ የት ላስቀምጥ?

ከሁሉም ጥያቄዎች ቀድሞ መመለስ ያለበት ይህ ነው። በእነዚህ ሞዴሎች ላይ «ሞተሩ ደካማ ነው» ወይም «ሪሞቱ አይታዘዝም» ተብሎ የሚቀርበው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ሥሩ የክብደት ማዕከል ነው። ሞዴሉ ሮኬት የሚሆነው ለ10 ሰከንድ ያህል ነው፤ የቀረውን ደቂቃ ሁሉ ግላይደር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ሞተር በደንብ ይንሸራተት።

በመጀመሪያ አማካይ ኮርዱን ይፈልጉ፤ ኮርድ ማለት ከክንፉ የፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ልክ ነው። የጫፉን ለሥሩ ያካፍሉ፦ 12 ለ40 ሲካፈል 0.3 ነው። በ1 ላይ 0.3ን እና የ0.3 ካሬን ይደምሩ፣ 1.39 ይመጣል፤ ይህን ለ1.3 (1 ሲደመር 0.3) አካፍለው በ40 እና በሁለት ሦስተኛ ያባዙ። ውጤቱ 28.5 ሴንቲሜትር ነው። ይህ ኮርድ የሚገኘው ከአካሉ መሃል መስመር 14.4 ሴንቲሜትር ወጣ ብሎ ሲሆን፣ በዚያ ቦታ የፊት ጠርዙ ከሥሩ የፊት ጠርዝ 11.5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ አፈግፍጎ ይገኛል።

የአማካይ ኮርዱ 25 በመቶ ላይ የክብደት ማዕከሉ ከደረሰ ሞዴሉ ሚዛኑን ሊያጣ አፋፍ ላይ ነው። ረጅም አፍንጫ ደግሞ ይህን ገደብ ይበልጥ ወደ ፊት ያመጣዋል። ለመጀመሪያ በረራ 15 በመቶ ላይ ያድርጉት፦ 11.5 ሲደመር 4.3፣ ማለትም ከሥሩ የፊት ጠርዝ ወደ 16 ሴንቲሜትር አካባቢ። በክንፉ ሥር ግራና ቀኝ ምልክት አድርገው በሁለት ጣት ጫፍ ያንሱት፤ አፍንጫው በጥቂቱ ወደ ታች ቢያዘነብል ጥሩ ነው።

የማስተካከያው መሣሪያ ባትሪው ነው። 115 ግራም ያህል የሚመዝን ባትሪ 2 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ሲገፋ የክብደት ማዕከሉ 5 ሚሊሜትር ይቀድማል። ስለዚህ የባትሪውን ክፍል ከባትሪው 6 ሴንቲሜትር አስረዝመው ይሥሩት። እርሳስ አፍንጫ ላይ መጨመር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ግራም ሙጫና ቀለም ከፊት ሌላ ግራም ይጠይቃል።

ኤሌቮኖቹ፣ ማለትም እንደ ኤለቫተርም (አፍንጫውን ለማንሳትና ለማውረድ) እንደ ኤይለሮንም (ወደ ጎን ለማዘንበል) የሚሠሩት የክንፉ ተንቀሳቃሽ ጠርዞች፣ ሪሞቱ መሃል ላይ ሲሆን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ወደ ላይ ቀና ይበሉ። ከዚያ ሣር ያለበት ቦታ፣ ትሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) በሪሞቱ ቆልፈው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው በአግድም ይወርውሩት። ቀና ብሎ ቆሞ ከዘፈዘፈ ወደ ኋላ ከብዷል፤ ባትሪውን 1 ሴንቲሜትር ይግፉ። በቀጥታ ከተተከለ ኤሌቮኑን 1 ሚሊሜትር ያንሱ። ይህ ሲስተካከል ብቻ ሞተሩ ይነሳ።

ጥያቄ፦ እንደ እውነተኛ ሮኬት ከመሬት ቀጥ ብሎ እንዲነሳ ማስወንጨፊያ ሠራሁ። ከማስወንጨፊያው እንደወጣ ግን እየተጠመዘዘ ይወድቃል። ሞተሩን ላሳድገው?

በመጀመሪያ ስሌቱን እንይ። 700 ግራም ግፊት ለ450 ግራም ክብደት ማለት 1.55 እጥፍ ነው። ቀጥ ብሎ ሲወጣ ክብደቱን ከተሸከመ በኋላ የሚተርፈው የክብደቱ 0.55 እጥፍ ብቻ ነው፤ ይህም በሰከንድ ካሬ 5.4 ሜትር ፍጥነት ይጨምራል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ማስወንጨፊያ ሲያልቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 3.3 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት ኤሌቮኑ የሚይዘው አየር የለም። ፕሮፔለሩ ከኋላ ስለሆነ ነፋሱ በኤሌቮኖቹ ላይ አያልፍም፤ በአንጻሩ ፕሮፔለሩ ወደ አንድ ወገን ሲዞር አካሉን ወደ ተቃራኒው ይጠመዝዛል። የባሩድ ሮኬት ይህ ችግር የለበትም፤ ጠምዛዥ ፕሮፔለር ስለሌለው፣ በመጀመሪያዋ ሽራፊ ሰከንድም ብዙ ፍጥነት ስለሚያገኝ።

ስለዚህ ማስወንጨፊያውን ትተው በእጅ ይወርውሩት። እጅ በሰከንድ 8 ሜትር ያህል በቀላሉ ይሰጠዋል። የአካሉን ሆድ ከክብደት ማዕከሉ ፊት ይያዙ፣ አፍንጫውን 20 ዲግሪ ቀና አድርገው ይወርውሩ፣ ሞዴሉ ከእጅ ከለቀቀ በኋላ ትሮትሉን ወደ 70 በመቶ ይክፈቱ። ሞተሩ እየዞረ መወርወር ከኋላ ፕሮፔለር ላለው ሞዴል የጣት አደጋ ነው። ሁለት ሰከንድ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ሙሉ ትሮትል ሰጥተው ወደ ላይ ይሳቡት።

በቁም መነሣቱ የግድ ከሆነ ግፊቱ ቢያንስ የክብደቱ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ጋይሮም (መዘንበሉን ለክቶ ኤሌቮኖቹን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ) ይጨምሩ። ጋይሮው የገባበትን አቅጣጫ መሬት ላይ ይፈትሹ፦ የቀኝ ክንፉን ወደ ታች ሲያዘነብሉ የቀኙ ኤሌቮን ወደ ታች መውረድ አለበት። ወደ ላይ ከወጣ ተገልብጧል፤ እንዲህ ከበረረ ማንም አያድነውም።

ጥያቄ፦ የበለጠ ግፊት ፈልጌ የ6 ኢንቹን ፕሮፔለር በ8 ኢንች ቀየርኩ። ኢኤስሲው ጨሰ። ለምን?

ፕሮፔለር የሚበላው ኃይል ዙሩና ፒቹ ሳይቀየሩ በግምት ከዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ጋር አብሮ ያድጋል። 8 ለ6 ሲካፈል 1.33 ነው፤ ይህ በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 3.2 ገደማ ይሆናል። 6 በ4 ላይ 21 አምፒር ገደማ የሚስብ ሞተር 8 ኢንች ሲሰጠው ከ30 አምፒር በላይ ለመሳብ ይታገላል፤ ኢኤስሲው ካልተቃጠለ ሞተሩ ይቃጠላል። 8 ኢንች መጠቀም ከፈለጉ ወደ 1200 ኬቪ አካባቢ ያለ ሞተር ይምረጡ። ከማንኛውም የፕሮፔለር ለውጥ በኋላ ሞዴሉን አስረው፣ ዋትሜትር በባትሪውና በኢኤስሲው መካከል አስገብተው ለ5 ሰከንድ ይለኩ፤ ንባቡ ከኢኤስሲው አቅም 80 በመቶ አይለፍ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ በኃይል ይዞራል፣ ድምፁም ጥሩ ነው፤ ግፊቱ ግን ግማሽ ይመስላል።

ፕሮፔለሩ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ሞተሩ ከፊትም ይሁን ከኋላ፣ ቁጥር የተጻፈበት የፕሮፔለሩ ገጽ ምንጊዜም ወደ በረራው አቅጣጫ ይመለከታል። ዞሮ አየሩን ወደ ፊት ከገፋ ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን ያለዋውጡ።

ጥያቄ፦ በፍጥነት ወደ ታች ሲወርድ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ አንዱ ኤሌቮን ተገንጥሎ ወደቀ።

ፍላተር ይባላል፤ ተንቀሳቃሹ ጠርዝ በአየሩ ተይዞ በፍጥነት ይርገበገባል፣ በሽራፊ ሰከንድም ማጠፊያውን ይቀደዋል። መነሻው ልቅነት ነው። ኤሌቮኑን በጣት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፦ ሰርቮው (ኤሌቮኑን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ሳይዞር ጫፉ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከሄደ አያብርሩት። ማጠፊያውን በቁራጭ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር በቴፕ ያድርጉት። የመግፊያ ሽቦው 1.5 ሚሊሜትር ብረት፣ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። ሽቦውን በሰርቮው ክንድ ላይ ከመሃል የቀረበው ቀዳዳ፣ በኤሌቮኑ ቀንድ ላይ ደግሞ ከጠርዙ የራቀው ቀዳዳ ላይ ያስገቡ፤ እንቅስቃሴው ያንሳል፣ ጥንካሬው ግን ይጨምራል። የፎም ኤሌቮን ላይ ስስ የካርቦን ዘንግ ቢለጠፍ ይበልጥ ይጸናል። ድምፁን በአየር ላይ ከሰሙ ሞተሩን አጥፍተው አፍንጫውን ቀስ ብለው ያንሱ፤ በኃይል መሳብ ክንፉን ሊሰብረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲንሸራተት በጣም ቶሎ ይወርዳል። የጥፋቱ ምክንያት ምንድን ነው?

ምናልባት ጥፋት የለበትም። ዴልታ ክንፍ አጭርና ሰፊ ነው። የአሜሪካው ስፔስ ሸትል ራሱ ዴልታ ክንፍ ነበረው፤ ምርጥ የመንሸራተት አቅሙም 1 ሜትር እየወረደ 4.5 ሜትር ገደማ ወደ ፊት መሄድ ነበር። ሊያሻሽሉት የሚችሉት ሁለት ነገር አለ። አንዱ ክብደት ነው፦ የዚህ ክንፍ ስፋት 18 ካሬ ዴሲሜትር ስለሆነ 450 ግራም ማለት በካሬ ዴሲሜትር 25 ግራም ነው፤ 30 ካለፈ ቀለሙንና ሙጫውን ይቀንሱ። ሌላው ፕሮፔለሩ ነው፦ በኢኤስሲው ላይ ብሬክ ያብሩ፤ ሞተሩ ጠፍቶ በነፋስ የሚዞር ፕሮፔለር ከቆመው የበለጠ ይጎትታል።

ጥያቄ፦ የተለመደው ፈጣን ሙጫ ፎሙን ለምን ያቀልጠዋል?

ሞዴሉ የተሠራበት ፎም፣ ዴፕሮን፣ ፖሊስታይሪን ስለሆነ። ለፎም ተብሎ የተሠራ ሳያኖ (ፈጣን ሙጫ) ወይም የ5 ደቂቃ ኤፖክሲ ይጠቀሙ። የሚረጭ ቀለምም ያቀልጠዋል፤ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሁን።

ጥያቄ፦ በአንድ ባትሪ ስንት ጊዜ መውጣት ይቻላል?

21 አምፒር ለ10 ሰከንድ 58 ሚሊአምፒር ሰዓት ይበላል። ከ1300ው 80 በመቶውን፣ ማለትም 1040ውን ብቻ ከተጠቀሙ 17 ያህል መውጣት ይሆናል፤ ለማረፊያ አንድ ሁለት ይተዉ። ሞተሩ ድንገት ቆሞ ሰርቮዎቹ ከሠሩ ኢኤስሲው ባትሪውን ለማዳን ነው የዘጋው፤ ዞሮ ማረፍ ይኖርብዎታል። ከበረራ በኋላ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አድርገው ያስቀምጡ፤ ያበጠ ባትሪ ወደ ሞዴሉ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ፌልሴፍን እንዴት ልፈትሽ?

ፌልሴፍ የሪሞቱ ምልክት ሲቋረጥ ሞተሩን የሚያጠፋው ጥበቃ ነው። ፕሮፔለሩን ይንቀሉ። ሞዴሉን አስነስተው ትሮትሉን ትንሽ ይክፈቱ፣ ሞተሩ እየዞረ ሪሞቱን ያጥፉት። ሞተሩ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። መዞሩን ከቀጠለ ሪሲቨሩ (በሞዴሉ ላይ ያለው የሪሞት ምልክት ተቀባይ) የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው፤ ትሮትሉን ዜሮ ላይ አድርገው ፌልሴፉን እንደገና ያስመዝግቡና ያንኑ ፈተና ይድገሙት። ሪሲቨር በተቀየረ ወይም እንደገና ከሪሞቱ ጋር በተጣመረ ቁጥር ፈተናው ይደገማል።