ላስቲኩ የት ላይ ያርፋል? ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚለበስ ልብስ

ሰላም እህቴ። እናትሽ በሚቀጥለው ሳምንት የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን አለባቸው፣ ቤታችሁ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሁለት ቢጃማ ገዝተሽ ሌላ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቀሻል። ጎረቤት ደግሞ «ሆዳቸውን በመቀነት ጠፍረሽ እሰሪላቸው» እያለሽ ነው።

ቢጃማዎቹን ገና አታጥቢያቸው፤ መመለስ ሊኖርብሽ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ቁስሉ የት ጋ ነው የሚሆነው? የሐሞት ከረጢት በሁለት መንገድ ይወጣል። በካሜራ ከሆነ ብዙ ጊዜ 4 ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው፤ አንዱ እምብርት አካባቢ፣ አንዱ ከደረት አጥንት ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ በቀኝ በኩል። ሆድ ተከፍቶ ከሆነ ከቀኝ ጎድን ሥር በሰያፍ የሚወርድ ረዘም ያለ ስፌት ነው። በካሜራ የተሠራ ሰው የሚማረረው በቢጃማ ላስቲክ ነው፤ እምብርት ላይ ይቀመጣልና። ተከፍቶ የተሠራ ሰው የወገብ ላስቲኩ ከቁስሉ ዝቅ ስለሚል ያን ያህል አያስቸግረውም፤ ሴት ከሆነች ግን የጡት መያዣው የታችኛው ጠርዝ ይደርስባታል። እናትሽ ለጊዜው ጡት መያዣውን ትተው ከውስጥ ሰፋ ያለ የጥጥ ካናቴራ ቢያደርጉ ይሻላል።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ስፌቷ ከታች አግድም ስለሆነ ዝቅ ያለ ፓንት ጠርዙ ልክ እሱ ላይ ያርፋል፤ እምብርት የሚያልፍ ፓንት ትግዛ። መሐል ሆዱን ከላይ ወደ ታች የተሠራ ሰው ላስቲኩን የትም ቢያደርገው ስፌቱን ማቋረጡ አይቀርም፤ እሱ ወገብ የሌለው ልብስ ነው የሚያሻው። የብሽሽት ቡአ የተሠራ ወንድ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰፊ ቦክሰር ሳይሆን ደገፍ አድርጎ የሚይዝ ፓንት እብጠቱን ይቀንስለታል።

ልክ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከኦፕራሲዮን በኋላ አንጀት ለጊዜው ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ ሆድ ይነፋል። በካሜራ ሲሠራ ደግሞ ሆድ ውስጥ የሚነፋው ጋዝ ትራፊው ጥቂት ቀን ይቆያል። ስለዚህ እናትሽን ዛሬውኑ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ (ቆመው አይሁን፤ ሲቀመጡ ነው ሆድ የሚሰፋው) እምብርታቸው ላይ ዙሪያውን ለኪና 15 ሳንቲ ሜትር ጨምሪበት። ከዚያ የጠበበ ልብስ አትግዢ።

ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ የቤት ቀሚስ ነው። በራስ የሚጠለቅ ልብስ ሁለት ክንድ ወደ ላይ ያስነሳል፣ ክንድ ሲነሳ ሆድ ይሳባል። ቁልፍ ካለው ቁስሉን ለማየትም መሐሉን ብቻ መክፈት ነው፤ በሐምሌ ብርድ ሰው ራቁቱን አይቀርም። የሰፈር ልብስ ሰፊ በ3 ሜትር አቡጀዲ ወይም ፖፕሊን ይሠራልሻል። አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለው ይከረክራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነው የሚለሰልሰው፣ መታጠቡም ከመሰፋቱ በፊት ይሁን፣ ይሰበሰባልና። ርዝመቱን ባት አጋማሽ ላይ አስቆሚው። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ደረጃ ላይ ይረገጣል፤ እሱን ሰብሰብ አድርጎ የያዘ እጅ ደግሞ መደገፊያውን አይዝም። 4 ፎቅ ቀላል አይደለም። ገንዘብ ካጠረ ከሳልባጅ ሰፊ የወንድ የጥጥ ሸሚዝ መግዛት ይቻላል፤ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ ነው። በፈላ ውሃ ታጥቦ ይተኮስ እንጂ።

ሱቁ ቢጃማውን አልመልስም ካለ እንዲህ አድርጊው። የወገቡን ስፌት ከግራ ጎን በኩል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ፍቺና ላስቲኩን ጎትተሽ አውጪው። በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ላይ የጥጥ ገመድ አስረሽ በዚያው ቀዳዳ አስገቢና ዙሪያውን አዙረሽ አውጪ። ቋጠሮው ግራ ጎን ላይ ይሁን። እምብርት ላይ ከተቋጠረ የላስቲኩን ሥራ ቋጠሮው ይረከባል፤ ቀኙ ደግሞ የቁስሉ ወገን ነው። ሱሪው እንዳይወርድ ያህል ብቻ ይታሰር፣ ሁለት ጣት ያለ ችግር ይግባበት። ታይት ግን በፍጹም፤ ይለጠጣል ብለሽ እንዳትታለዪ፣ የሚለጠጠው ሆዱን እየጨመቀ ነው።

አሁን ወደ መቀነቱ። ጎረቤትሽ ክፉ አላሰቡም፣ የአራስ ወገብ ሲታሰር ነው የኖረው። ግን መቀነት ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ይጠቀለልና ገመድ ይሆናል፤ ያ ገመድ ስፌት ላይ ሲያርፍ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ላብ ይይዛል። ጠብቆ ከታሰረ ደግሞ እናትሽ በደንብ አይተነፍሱም። ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ደጋግሞ በጥልቀት መተንፈስ ሳንባን ከኢንፌክሽን ይጠብቃል፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር አይታሰርም። ሐኪሙ ራሱ ሰፊ የሆድ መታጠቂያ ካዘዘ ሌላ ነገር ነው፤ በየስንት ሰዓቱ እንደሚፈታ ጠይቂው፣ ከሥሩም ስስ ካናቴራ ይኑር።

በመቀነቱ ፋንታ ነጠላ አዘጋጂ፣ እሱን አጣጥፈሽ ትንሽ ትራስ አስመስዪው። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣ፣ ከአልጋ ሲነሱ፣ ሲስቁም ጭምር በሁለት እጅ ቁስሉ ላይ ጫን አድርገው ይያዙት። ከሆስፒታል ሲመለሱም በመኪና ቀበቶና በሆድ መካከል እሱ ይግባ። ባጃጅ ግን ኮብልስቶን ላይ ስለሚያነጥር በነጠላም አይቻልም፤ ለዚያች ቀን ለላዳ ወይም ለኮንትራት የሚሆን ብር ያዢ።

ጋቢ ለሊት ያስፈልጋል፣ በተለይ በእናንተ በኩል ነፋሱ ጠንካራ ነው። ግን ቁስሉን በቀጥታ አይንካ፤ የጋቢ ጭረት ስፌትና ፕላስተር ላይ ይጣበቃል። ቀሚስ ከሥር፣ ጋቢ ከላይ። እናትሽ ራሳቸው እንዳያጥቡት ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ለስንት ሳምንት ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ ማንሳት እንደሌለባቸው ሐኪሙ ይነግርሻል፣ የራሰ ጋቢ ከዚያ ያልፋል። ውሃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን እማ 20 ኪሎ ነው።

ጫማ ሳያጎነብሱ የሚገባ ይሁን፤ ግን የሚያንሸራትት ሸበጥ ደረጃ ላይ አይሆንም። ካልሲውን አንቺ አጥልቂላቸው።

የውስጥ ልብስ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ይሁን። በቁስሉ ዙሪያ ያለ ቆዳ ለጊዜው ስለሚደነዝዝ ልብስ ሲፈትገው ላይሰማቸው ይችላል፤ የሚነግርሽ እድፉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠብታ የምታህል ቀላ ያለ ወይም ቢጫ ፈሳሽ አያስደነግጥም። መግል፣ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ተመለሱ። ተከፍቶ በተሠራ ሆድ ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት ሮዝ መሳይ ውሃ ድንገት ልብሱን ካራሰው፣ ከቆዳ በታች ያለው ስፌት ተለቅቆ ሊሆን ይችላል። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ፣ አስተኝተሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጃቸው።

ቅያሪ ቢያንስ 3 ይኑር፤ በክረምት አንዱ ታጥቦ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይውላል። ኦሞ አብዝተሽ አትጨምሪ፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቂ፣ ሽቶ ያለው ማለስለሻ ይቅር።

ድሬን (ከሆድ ፈሳሽ ወደ ትንሽ ከረጢት የሚያወጣ ቱቦ) ይዘው ይወጣሉ ከተባለ ቀሚሱ ላይ ከወገብ በታች ከውስጥ ኪስ አሰፊ። ቱቦው ሳይወጠር ትርፍ ይተውለት፣ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከቁስሉ ዝቅ ይበል። በመርፌ ቁልፍ ካያያዝሽው መርፌው ልብሱን እንጂ ቱቦውን አይውጋ። በካሜራ ነው ወይስ ተከፍቶ የሚለውን ስታውቂ እዚሁ ጻፊልን፤ የጨርቁን ነገር ያኔ እንነጋገራለን።