ባዝራ ወይስ ሰንጋ ላለችኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ የጎረቤቴ ልጅ አየችኝና መጣች። ሥራ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ግልቢያ ትማራለች። አሁን ከደመወዟ ቆጥባ የራሷን ፈረስ ልትገዛ ነው። ስልኳን አወጣችና ሁለት ፎቶ አሳየችኝ፤ አንዷ ባዝራ፣ ማለትም ሴት ፈረስ፤ አንዱ ሰንጋ፣ ማለትም የተኮላሸ ወንድ ፈረስ።

«ጋሼ፣ የቱን ልግዛ? ባዝራዋን ሁሉም ሰው ተዪ ይለኛል። ሴት ስለሆነች ታስቸግርሻለች አሉኝ።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን «ሴት ስለሆነች» የሚለውን ስሰማ ቡናው አልወርድ አለኝ። «ቆይ ልጄ፣ ጽፌ እሰጥሻለሁ» አልኳት። ፈረስ ለመግዛት የምታስቡ ሌሎች ወጣቶችም አንብቡት።

ነገሩ የ1985 ዓ.ም. ነው። ደብረ ዘይት ተምሬ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ጃንሜዳ አካባቢ ፈረስ ያላቸው ሰዎች ያስጠሩኝ ነበር። ከእነሱ አንዱ ለልጁ ባዝራ የገዛ ነጋዴ ነው። ልጅቱ 14 ዓመቷ ነው። ባዝራዋ ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ቦቃ። ልጅቱ ወለላ ብላ ነበር የምትጠራት።

የጠሩኝ ወለላ ክፉ ሆናለች ብለው ነው። ኮርቻ ይዘው ሲጠጓት ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች። ጠፍሩን ሲያጠብቁባት ዞራ ልትነክስ ትሞክራለች። ጭራዋ አያርፍም። ልጅቱ ስትቀመጥባት ወገቧን ታጎብጣለች። አንድ ቀን ጥላታለች፤ እኔ ስደርስ የልጅቱ ክንድ በፋሻ ታስሯል።

ሙቀቷን ለካሁ። ልቧን አዳመጥኩ። አራቱንም ኮቴዋን አንስቼ አየሁ። አፏን ከፈትኩ። ሁሉም ደህና ነው። ጀርባዋን በዓይኔ አየሁት፤ ገጣባ፣ የኮርቻ ቁስል፣ የለባትም። ጫንቃዋ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የ25 ሳንቲም ስፋት ያላት ነጭ ፀጉር አየሁ። የቀለሟ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ኮርቻው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። አልነካሁትም።

ፈረሱን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ከባልደራሶች፣ ከፈረስ ኃላፊዎች፣ ሥር ሠርተዋል። «ዶክተር፣ ኮርቻው ሲወርድላት ሌላ ፍጥረት ናት። ልጆች በባዶ ጀርባዋ ሲወጡባት ቃል አይወጣትም» አሉኝ። እሺ አባባ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አልሰማኋቸውም። የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ምን ሊነግሩኝ ይችላሉ? ያን ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ።

«ባዝራ ናት፤ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) ፈልጋ ነው። ጠባይዋ ይኸው ነው፣ ለልጅ አትሆንም። ሸጣችሁ ሰንጋ ግዙ» አልኩ። አባትየው «እርግጠኛ ነህ ዶክተር?» አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ልጅቱ በደህና እጇ የወለላን ገመድ ይዛ ቆማለች።

«ሴት ስለሆነች ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። «አዎ፣ ሴት ስለሆነች ነው» አልኳት። እሷ አልሳቀችም።

ልብ በሉ፤ የማላውቀው ነገር ሆኖ አይደለም። የባዝራ ዑደት 21 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ድንጉላ የምትፈልገው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ያህል ብቻ ነው። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩበት ነው። ወለላ ግን ሁለት ወር ሙሉ፣ ኮርቻ ባየች ቁጥር ነበር የምትናከሰው። ሂሳቡ አልገጠመም። እኔም አላሰላሁትም። «ባዝራ ናት» የሚለው ቃል ሁሉን ነገር የመለሰልኝ መሰለኝ።

ወለላ በሳምንቱ ተሸጠች። በምትኩ ዳለቻ ሰንጋ ተገዛ፤ ዕድሜው ዘጠኝ፣ ጨዋ ፈረስ። ያው ኮርቻ ተጫነበት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሰንጋውም ጆሮውን ማጠፍ ጀመረ። ከዚያ ጠፍሩ ሲጠብቅ ይናከስ ጀመር። ዳግመኛ ጠሩኝ። አሁን «ባዝራ ናት» ማለት አልቻልኩም።

ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ኮርቻውን ከአጥሩ አወረዱና እግሬ ሥር ገለበጡት። ከላይ ቆዳው ምንም አልሆነም። እጄን በድብዳቡ በኩል አስገብቼ በመዳፌ ስጫን እንጨቱ ተንቋቋ። ፊት ለፊት፣ በግራ በኩል፣ ከቆዳው ሥር ተሰንጥቆ ነበር። ሰው ሳይቀመጥበት ስንጥቁ ተጋጥሞ ይቆያል። ሰው ሲቀመጥበት ይከፈትና ጫፉ ጫንቃ ላይ ይተከላል። ነጩ ፀጉር ትዝ አለኝ። ቆዳ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ሲጨቆን ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ይህንንም ተምሬዋለሁ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። እኔ ዳውላውን ትቼ ምስኪኗን ነበር የመታሁት።

ወለላን ፈለግኳት። የገዛት ሰው ለሌላ ሸጧታል። ከስምንት ወር በኋላ ለሥራ ስወጣ ሰንዳፋ ላይ ጋሪ ስትጎትት አየኋት። ከስታለች፤ በቦቃዋ ነው የለየኋት። ወርጄ ጫንቃዋን ዳበስኩት። ዝም ብላ ቆመች። ባለጋሪውን ጠባይዋ እንዴት ነው አልኩት። «እንደ እሷ ገራም አላየሁም፤ ልጆቼ በሆዷ ሥር ነው የሚሽሎከለኩት» አለኝ። ሽጥልኝ ብለው እንጀራዬ ናት አለና ሄደ። በዚያ ቀን የነበረኝ ገንዘብም አይበቃም ነበር። ተመልሼ ልፈልጋት አስቤ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ።

ለአባትየው አልነገርኩትም። ልጅቱም ከዚያ ወዲያ ግልቢያ እንዳቆመች ሰማሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ድንጉላ ለጀማሪ እንደማይሆን ታውቃላችሁ፤ ስለ ድርቆሽና ስለ ውሃም አልጽፍም።

ለጀማሪ ሰንጋ ይሻላል እላለሁ። ጠባዩ ከቀን ቀን ብዙ አይቀያየርም። ባዝራና ሰንጋ በተቀላቀሉበት ጋጥ ማደር ይችላል። እንደ አዲስ አበባ ታክሲው ጡሩምባውን በሚያንባርቅበት ከተማ አንድ ዓይነት ጠባይ ትልቅ ነገር ነው። ግን «ሰንጋ ነው» ሲሏችሁ መቼ ተኮላሸ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የተኮላሸና ስምንት ዓመት ድንጉላ ሆኖ ኖሮ የተኮላሸ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ቆለጡ ሄዶም ልማዱ ሊቀር ይችላል። ከተኮላሸ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ማስረገዝ እንደሚችልም ብዙ ሰው አያውቅም። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ቆለጡ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ሰንጋ ተብሎ ይሸጣል። መልኩ ሰንጋ፣ ሥራው ድንጉላ። ከተጠራጠራችሁ ደሙን አስመርምሩ። የብልቱ ሽፋን ውስጥ እድፍ ስለሚጠራቀም አልፎ አልፎ ይታጠብ። ገና ያልተኮላሸ ውርንጭላ ከገዛችሁ ደግሞ እባካችሁ በእንጨት አታስቀጥቅጡት። ሐኪም በማደንዘዣ ይሥራው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይከተብ። የተቀጠቀጡትን ሳክም ያየሁት ይበቃኛል።

ባዝራ ስትገዙ እርጉዝ አለመሆኗን አስመርምሩ። እርግዝናዋ 11 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በዓይን አይታወቅም። አንድ ደንበኛዬ ለግልቢያ ብሎ ባዝራ ከገበያ ገዛ። ወፍራለች ብሎ ገብሷን ቀንሶባት ነበር። አንድ ጠዋት ጋጡን ሲከፍት በቅሎ ወልዳ ጠበቀችው። ሻጩ ከአህያ ጋር እንዳሰማራት አልነገረውም።

የውጭ መጽሐፍ የምታነቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባዝራ ቀኑ በሚረዝምበት በፀደይና በበጋ ብቻ ነው ድንጉላ የምትፈልገው ይላል። ያ በብርዱ ወራት ቀኑ በጣም ለሚያጥርበት አገር ነው። እኛ ዘንድ የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ የብዙዎቹ ዑደት ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አይቋረጥም። ስለዚህ ደብተር ያዙ። የተነጫነጨችበትን ቀን ጻፉ። በሦስት ሳምንት እየተመላለሰ ለጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ ዑደቷ ነው። በየቀኑ ከሆነ ያማታል። ያኔ ጀርባዋን፣ ጥርሷን፣ እግሯን፣ ከሁሉ በፊት ኮርቻዋን እዩ። እንቁላል ማፍሪያዋም ሊታመም ይችላል፤ ያንን ሐኪም ይፈልገው።

ጥርስ ካነሳሁ፣ ዕድሜ በጥርስ ማወቅን በቅጡ ያስተማሩኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። ከኮርቻው ነገር በኋላ እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ፈረስ አምስት ዓመት ሲሆነው አፉ ይሞላል። ወንዱ ብዙውን ጊዜ 40 ጥርስ አለው፣ ባዝራ 36። ልዩነቱ ክራንቻው ነው። ሽማግሌው ይህን ቁጥር አያውቁትም፤ ጣታቸውን በአፉ ጎን አስገብተው ግን ወንድ ነው ሴት ናት ይሉኝ ነበር።

ሌላም የነገሩኝ አለ። ጌቶች ለጦርነት ፈረስ፣ ለመንገድ ሰጋር በቅሎ ነበር የሚፈልጉት፤ በቅሎዋን የምታመጣው ደግሞ ባዝራ ናት። ፒያሳ በአጼ ምኒልክ ሐውልት በኩል ሳልፍ ይህ ትዝ ይለኛል። በ1923 ዓ.ም. በአጼ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ሰሞን የተመረቀው ያ ፈረስ ሁለት እግሩን አንስቶ ቆሟል። የፈረስ ስማችን ሁሉ አባ ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ። የባዝራ ስም የተጠራበት አንድም አላውቅም። ባዝራን መናቅ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነገር ነው፤ እኔም ከዚያው ነው የቀዳሁት።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ፈረስ በቀለም ትመርጣላችሁ። ጉራች ወይም አምባላይ ካልሆነ ፎቶ ላይ አያምርም ትላላችሁ። አሥር ደቂቃ ጋልባችሁ ትወርዱና ልጓሙን ለጠባቂው ወርውራችሁ ስልክ ውስጥ ትገባላችሁ። ይህ ያናድደኛል። ፈረስን ማወቅ ከወረዳችሁ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ጀርባውን ስታሹት፣ ላቡ የት እንደደረቀና የት እንዳልደረቀ ስታዩ። ደግሞ ሳስበው እናንተ ትጠይቃላችሁ። እኛ መጠየቅ እንደ ነውር ነበር የምናየው። ብጠይቅ ኖሮ ያ ሽማግሌ ይነግሩኝ ነበር።

በጋለብኳቸው ፈረሶች ሁሉ እንደ አንዲት የአንኮበር ባዝራ ያለ አላየሁም። ለክትባት ዘመቻ ሄጄ በጉም ውስጥ ቁልቁለቱን ይዛኝ ወረደች። የራሷን ጆሮ እንኳ በቅጡ አላይም። ድንጋዩን በኮቴዋ እየሞከረች፣ አንዳንዴ ቆማ እያሰበች አደረሰችኝ። ቅድም ለጀማሪ ሰንጋ ብያለሁ፤ አልመልሰውም። ራሴ ዛሬ ብገዛ ግን የምገዛው ባዝራ ነው።

አንቺ የጎረቤቴ ልጅ፣ ፎቶው አይነግረኝም። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄደን ሁለቱንም እናያለን። መጀመሪያ በባዶ ጀርባቸው፣ ከዚያ ኮርቻ ተጭነው። ኮርቻውን አንቺ ነሽ የምትገለብጪው።

ያቺ የ14 ዓመት ልጅ ዛሬ 47 ገደማ ትሆናለች። የት እንዳለች አላውቅም። ይህ ደርሶሽ ከሆነ፣ ያን ቀን ለጠየቅሽኝ የሰጠሁሽ መልስ ስህተት ነው። ሴት ስለሆነች አልነበረም። የኮርቻው እንጨት በግራ በኩል ተሰንጥቆ ነበር።