ስም፣ ልደት፣ አድራሻ፦ የዳታቤዝ ጥያቄዎቻችሁ

ጎንደር ውስጥ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለቁጠባ ማኅበር የመመዝገቢያ ሲስተም የምትሠሩ ልጆች የላካችኋቸው ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ብዬ ሁለት ፊልድ (መሙያ ቦታ) ባደርግ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ላስት ኔም ባልከው ላይ አንዱ ጸሐፊ አባትን፣ ሌላው አያትን ይሞላበታል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ታካሚ ሁለት ካርድ ይኖረዋል። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብለህ ሦስት አድርገው። ሴት ስታገባ የአባቷ ስም ስለማይቀየር ባልና ሚስትን በስም ላገናኝ አትበል። የአያት ስምን ደግሞ ግዴታ አታድርገው። የማያውቅ ሲመጣ ጸሐፊዋ «የለም» ብላ ታልፋለች፤ ከዚያ «የለም» የሚባሉት አያት የግማሽ ከተማ አያት ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ሙሉ ስሙን በአንድ ፊልድ ተቀብዬ በክፍት ቦታው ብቆራርጠውስ?

መልስ፦ እንዳትሞክሪው! «ወልደ ገብርኤል ተሰማ» የልጅና የአባት ስም ነው። ኮድሽ ግን ወልደን ልጅ፣ ገብርኤልን አባት፣ ተሰማን አያት አድርጎ ያርፋል። በሚቀጥለው ቀን ያው ሰውዬ «ወ/ገብርኤል» ተብሎ ይመጣል። ፊልዱ ክፍት ቦታንም እዝባርንም ይቀበል።

ፍለጋውም አለ። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ተዪው፤ የሰው ስም ማረም የእኛ ሥራ አይደለም። ለፍለጋ ብቻ ሌላ ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ) ጨምሪና ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ አምጪ። የኮለሙ መጠን በባይት የሚቆጠር ከሆነም አስቢበት፤ ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል።

ጥያቄ፦ የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ?

መልስ፦ ስክሪኑ ላይ በእኛ፣ ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን «2ኛ ወር፣ 30ኛ ቀን» ብለህ ብታስገባ የቀን ፊልዱ ፌብሩዋሪ መስሎት ይመልስብሃል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስትለው ጭራሽ አያውቃትም። ቀይረህ ኖቬምበር 9 ቀን 2024 ብለህ አስቀምጥ።

«በ77ቱ ድርቅ ነው የተወለድኩት» የሚሉ እናትም ይመጣሉ። ዓመቱን ያዝና አጠገቡ «ግምት» የሚል ምልክት አድርግ። ዝም ብለህ መስከረም 1 ካልክ፣ ኋላ ላይ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ዕድሜን ግን አታስቀምጥ፤ በዓመቱ ውሸት ይሆናል።

ጥያቄ፦ አድራሻስ?

መልስ፦ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፤ እና «ልዩ ቦታ»። የቤት ቁጥሩን የማያውቅ ሰው «ከጃንተከል ዋርካ ዝቅ ብሎ» ሲልህ እሷን ጻፍ። የጤና ሠራተኛዋ ቤቱን የምታገኘው በዚያች ነው።

ጥያቄ፦ ስልክን ወይም የፋይዳ ቁጥርን አንዱን ሰው ከሌላው የሚለይ የመዝገብ መለያ ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርግ፤ የራስህን የካርድ ቁጥር ስጥ። በአንድ ስልክ ሙሉ ቤተሰብ ይመዘገባል፣ ፋይዳ ያላወጣም አለ። ሁለቱም በጽሑፍ ዓይነት ይቀመጡ፤ አለዚያ የስልኩ መነሻ 0 ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ሃይማኖትና ብሔርስ ይጠየቅ?

መልስ፦ ለምን ሥራ? አዋጅ 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ ጥንቃቄ የሚሻ ይለዋል። ለካርድ ማውጫ ስለማይጠቅም ፊልዱን አትፍጠረው። በእሱ ፋንታ የእናት ስም ጨምር፤ ስማቸው እስከ አያት የሚመሳሰል ሁለት ታካሚዎችን የሚለይልህ እሱ ነው።