ታች ቤት ውሃ እየወረደ ሳሎን ይታደሳል?

ጥያቄው የደረሰን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ካላቸው እናት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቤቴን ለማሳደስ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። የኩሽናውን ግድግዳ አፍርሼ ከሳሎን ጋር ማገናኘት፣ ሳሎኑን ጂፕሰም ማሠራት፣ ወለሉን በሙሉ ፖርስሊን ማልበስ አስቤ ነበር። አንድ ኮንትራክተር ጠቅላላ ዋጋ ነገረኝ፣ ዝርዝር ግን የለውም። በዚህ መሃል ታች ያሉት ጎረቤቴ የባኞ ቤታቸው ጣሪያ እየረጠበ እንደሆነ ነገሩኝ። ኮንትራክተሩ ‹በሲሊኮን እናሽገዋለን፣ ቀላል ነው› አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

እቅጩን ልንገርዎ። ጂፕሰሙ ይቆይ፣ ፖርስሊኑም ይቆይ። ገንዘብዎ መጀመሪያ መግባት ያለበት ባኞ ቤቱ ውስጥ ነው። ሲሊኮኑን ደግሞ ይርሱት። ሲሊኮን የሲንክና የግድግዳ መገናኛ ይዘጋል እንጂ ከሴራሚክ ሥር የገባ ውሃ አያቆምም። ከላይ ቢደፍኑት ውሃው ዞሮ ዞሮ የሚወርደው እዚያው ጎረቤትዎ ቤት ነው።

ታዲያ መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ከሦስት አንዱ ነው፦ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ፣ የፍሳሽ ቧንቧው፣ ወይም ወለሉ ራሱ። ለጎረቤትዎ «የሚረጥበው መቼ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህች ጥያቄ ብዙ ወጪ ታድናለች። እናንተ ገላችሁን ባትታጠቡም ውሃ በመጣ ቀን የሚረጥብ ከሆነ፣ የሚያፈሰው የንጹሕ ውሃው ቧንቧ ነው። ከታጠባችሁ በኋላ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ግን ወለሉን ወይም ፍሳሹን ይጠርጥሩ። ሮቶ ካላችሁ ቧንቧው ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ስላለ ይህ መለያ አይሠራም። ያኔ ውሃ በመጣ ሰዓት ሮቶው ሞልቶ መቅዳቱን እስኪያቆም ይጠብቁ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ይዝጉና ቆጣሪውን ለጥቂት ሰዓት ይከታተሉ። ምንም ሳይከፈት ቆጣሪው ከዞረ መልሱን አገኙ።

ቆጣሪው ጸጥ ካለ ወደ ወለሉ እንሂድ። ፍሎር ድሬኑን፣ ማለትም የወለሉን ውሃ ማውረጃ ቀዳዳ፣ በፌስታል በተጠቀለለ ጨርቅ ጥርቅም አድርገው ይወትፉ። የበሩን ሥር ይገድቡና ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያቁሙ። ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በፊት ግን ታች ቤት ነግረው ባልዲ ያስቀምጡ፤ ሳይነግሩ ጀምሮ መጣላት አለ። ለ24 ሰዓት ይተዉት። ውሃው ከምልክቱ በደንብ ከወረደና ታች ከረጠበ ጥፋቱ የወለሉ ነው። ካልወረደ ውታፉን ይንቀሉ። ውሃው ሲለቀቅ ታች ከረጠበ ደግሞ የፍሳሽ ቧንቧው ወይም ስላቡን (የፎቁን ኮንክሪት ወለል) የሚያልፍበት ዙሪያ ነው። እኔ ባየሁት ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚህችው ዙሪያ ላይ ነው። ቧንቧው በስላቡ ሲያልፍ ክፍተቱ በደረቅ ሞርታር ተጠቅጥቆ ብቻ ይተዋል።

ወለሉ ወይም ፍሳሹ ሆኖ ከተገኘ መጠገን ሳይሆን እስከ ስላቡ አንስቶ እንደገና መሥራት ነው። ግድግዳውም ስለሚፈርስ የንጹሕ ውሃውን ቧንቧም አብረው ይቀይሩ። የብረት ቧንቧ ከሆነ ዕድሜው አልቋል ብለው ይቁጠሩት፤ ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ይተኩት። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ባለሙያው ቧንቧውን በእጅ ፓምፕ እስከ 10 ባር ግፊት ውሃ ሞልቶ ለጥቂት ሰዓት ያቆየው። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ከወረደ አንዱ መገጣጠሚያ ያፈሳል ማለት ነው። ፓምፑ የለኝም የሚል ቧንቧ ሠራተኛ ተከራይቶ ያምጣ።

ከዚያ ወለሉ ወደ ፍሎር ድሬኑ በአንድ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይሠራል። በላዩ ውሃ መከላከያው ይቀባል። ዱቄቱና ፈሳሹ ለየብቻ መጥቶ የሚቀላቀለውን ዓይነት ይግዙ፤ ሲደርቅ እንደ ስስ ላስቲክ ይለጠጣል። ሁለት እጅ ይቀባል፣ ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያውን አግድሞ። ግድግዳው ላይ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሻወሩ ያለበት ጎን ደግሞ እስከ ሁለት ሜትር ይውጣ። የወለልና የግድግዳ ማዕዘን ላይ መረብ ይግባበት፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ሲደርቅ ያንኑ የ24 ሰዓት ፈተና ይድገሙ። ሴራሚክ የሚነጠፈው ፈተናውን ካለፈ ብቻ ነው። ሠራተኛው «ቀን ይባክናል» ይላል። ይባክን።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። ዋጋ ልጽፍልዎ እችል ነበር፣ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ሚክሰር (የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ መክፈቻ)፣ ፒፒአርና ሴራሚክ ላይ ዛሬ የተነገረ ዋጋ የሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። መጠኑን ከያዙ ግን ዋጋውን ሱቅ ሄደው ራስዎ ያባዙታል። ለምሳሌ ባኞ ቤትዎ 1.5 በ1.8 ሜትር ነው እንበል። ወለሉ 2.7 ካሬ ነው። ዙሪያው 6.6 ሜትር፣ ሴራሚኩ 2.1 ሜትር ከፍታ ከወጣ ወደ 13.9 ካሬ። የበሩን 1.5 ገደማ ሲቀንሱ ግድግዳው 12.4 ይሆናል። በድምሩ 15 ካሬ ገደማ፤ ለመቁረጫና ለስብራት አሥር በመቶ ሲጨምሩ 16.6 ካሬ። ባለ 30 በ60 ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ስምንት ፍሬ በአንድ ካርቶን፣ 1.44 ካሬ ነው። ስለዚህ 12 ካርቶን። 20 ካርቶን ያስፈልጋል የሚልዎ ሰው ካለ ስምንቱ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይግዙ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ይዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፤ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ በደንብ ያስታውቃል።

ኮንትራክተሩም እንዲሁ ዘርዝሮ ይስጥዎ፦ ማፍረስ፣ ፍርስራሽ ማውረድና መጫን፣ ቧንቧ፣ ወለል፣ ውሃ መከላከያ፣ ሴራሚክ የእጅ ዋጋ በካሬ፣ ዕቃ። ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሚንቶና አሸዋ ማውጣት፣ ፍርስራሽ በማዳበሪያ ማውረድ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ከተደበቀ «ይሄ አልነበረም» የሚባለው በኋላ ነው።

አሁን ስለ ኩሽናው። በጀሞ ዓይነቱ ሕንፃ ክብደት የሚሸከሙት ምሰሶና ቢሙ (አግዳሚው ኮንክሪት) ናቸው፣ የውስጥ ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ነው። ይፈርሳል ማለት ነው፤ ግን ምሰሶና ቢም በመዶሻ አይነካም። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የእርስዎ ቤት ሌላ፣ የሕንፃው የጋራ አካል ሌላ ነው። ለቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ይንገሩ፣ ወረዳውንም ስለ ፈቃድ ይጠይቁ። ግድግዳው ውስጥ የውሃና የመብራት መስመር ካለ ወጪው ይጨምራል።

ፈቃዱ ቢገኝም ሙሉ በሙሉ ማፍረሱን አልመክርዎትም። ፎቶ ላይ ያማረው ክፍት ኩሽና የመጣው ቁሌት ከማይቁላላበት አገር ነው። ሽንኩርትና በርበሬ ለሁለት ሰዓት ሲቁላላ ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ልብሱ ሁሉ ይሸታል። ከወገብ በላይ ብቻ ይክፈቱትና ተንሸራታች መስታወት ያስገቡ። ብርሃኑን ያገኛሉ፣ እንግዳ ሲኖር ይከፍቱታል፣ ወጥ ሲሠራ ይዘጉታል። ለማፍረስ የተመደበው ገንዘብ የሚተርፈው ለምጣዱ መስመር ይሁን። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይጎትታል። በ220 ቮልት 16 አምፔር እና ከዚያ በላይ ነው። በተራ ሶኬትና በ2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ከሆነ የሚሠራው፣ ሶኬቱ ሲጋግሩ ይግላል፣ አንዳንዴም ይጠቁራል። ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ እና የራሱ ብሬከር ይሳብለት።

ሳሎን ላይ ፖርስሊን ካሉ፣ አሮጌውን ወለል በሳንቲም መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ድምፅ ካልሰጠ ሳያፈርሱ በማጣበቂያ ላዩ ላይ መለጠፍ ይቻላል። በሲሚንቶ ሞርታር ግን አይሆንም። አራት ሴንቲ ሜትር ሞርታር በአንድ ካሬ ወደ 80 ኪሎ ስላብ ላይ ይጭናል፣ ማጣበቂያው ግን አሥር ኪሎ አይሞላም። የሳሎን ወለል ከፍ ሲል በሮቹ እንደሚፋቁም ያስቡ። ባኞ ቤቱ ግን ከኮሪደሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቅር። ጂፕሰሙ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ከተረፈ። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ዝቅተኛ ስለሆነ ሙሉውን ከማውረድ ዙሪያውን ብቻ ማሠራት ይበቃል።

ክፍያውን በደረጃ ያድርጉ። ቀብድ ለመጀመሪያው ዕቃ የሚበቃ ብቻ። ቀጣዩ ቧንቧው በፓምፕ ሲፈተን፣ ሌላው ውሃ መከላከያው የ24 ሰዓቱን ሲያልፍ። የመጨረሻውን አሥር በመቶ ሻወሩን አንድ ወር ተጠቅመው፣ ታች ቤት ደረቅ መሆኑን አይተው ይስጡ። ይህ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ቧንቧዎቹን ሴራሚክ ሳይሸፍናቸው ሜትር ደግፈው ፎቶ ያንሷቸው፣ በኋላ መስታወት ለመስቀል ሲበሱ ያድንዎታል።

የጎረቤትዎን ጣሪያ በበጀቱ ውስጥ ይቁጠሩት። ውሃው ከቆመ በኋላ ወዲያው ቀለም አይቀባ፣ ይላጣል። የተነፋው ልስን ተፍቆ ይነሳ፣ መስኮት ተከፍቶ ቢያንስ አንድ ወር ይድረቅ፣ ከዚያ ይለሰንና ይቀባ።